የበረኪና ዓሣዎች

ታላቅ እህቴን የሥራ ባልደረቦቿ «በረኪና» ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ፣ ቤቷ ገብታም እጇ አያርፍም። እንግዳ ገና ከመነሳቱ የተቀመጠበትን ትጠርጋለች። እኔ እንኳ፣ የእናቷ ልጅ፣ ጫማዬን ደጅ አውልቄ ነው የምገባው።

ባሏን ጋሼን፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብ እምቢ አሉ። ሐኪሙ «ዓይናቸውን የሚስብ ነገር ፈልጉላቸው» ቢላት አኳሪየም፣ የመስታወት የዓሣ ማኖሪያ፣ ገዛች።

ዓሣ ሻጩ አልጋቸው ፊት ለፊት ሲተክለው አስጠነቀቃት። «እናቴ፣ የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሳያድር እንዳይጨምሩ። የማጣሪያውን ስፖንጅ ደግሞ በበረኪና እንዳይነኩብኝ። ውሃውን የሚያጠሩት እሱ ላይ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው።»

«ስገድላቸው የኖርኩትን ቤቴ ላርባቸው?» አለች። ሳቅን።

ነፍሳቱ እስኪበዙ ውሃው አንድ ወር ያለ ዓሣ ሲዞር ከረመ። ከዚያ ጣት የማያክሉ ስድስት ዓሣዎች ገቡ። ጋሼ በማግስቱ ፊታቸውን መለሱ፤ በሳምንቱ አንድ ሳህን ሾርባ ጨረሱ። እህቴ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። «አንዱ ቢሞት ተመልሶ ወደ ግድግዳው ነው» እያለች የውሃውን ማሞቂያ በቀን አሥር ጊዜ ትዳስሳለች። የስፖንጁ መጥቆር ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋታል።

እሑድ ጠዋት እጇ አሸነፋት። ስፖንጁን አውጥታ በበረኪና ስትፈትገው ጋሼ በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት መቀጥቀጥ ጀመሩ።

«ሻይ ፈልገው ይሆናል» አልኩ እኔ አዋቂዋ።

«አመጣልሃለሁ፣ ትንሽ ታገስ!» አለቻቸው። ትራሳቸውን አስተካክላ፣ የነጣውን ስፖንጅ መለሰችው። እሳቸው መቀጥቀጣቸውን አልተዉም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣዎቹ ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንዱ በጎኑ ተኝቷል። የሻጩ ስልክ አይነሳም። እህቴ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ብረቱ አሁንም ይጮሃል።

ድንገት ዞር ብላ አየቻቸው። አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«ምን ላድርግ?» አለቻቸው።

በነዚያ ወራት «ብላ»፣ «ዙር»፣ «ተኛ» ስትላቸው እንጂ ስትጠይቃቸው ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ መቀጥቀጣቸውን ተዉ። ጥግ ላይ ውሃ ወዳደረበት ባልዲ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ ስፖንጁ፤ አውጪው ማለታቸው ነው። እሷ ውሃውን ስትቀዳና ስትጨምር እጃቸውን እያየች ነበር።

አምስቱ እያደር ተረፉ። የሞተውን በጨርቅ ደብቃ ልታወጣ ስትል ጋሼ መዳፋቸውን ዘረጉላት። ፈራች፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጨርቁን ገልጣ መዳፋቸው ላይ አኖረችው፣ አጠገባቸውም ተቀመጠች።