ጉልበቷ ሳይፍታታ ጅማ ለመድረስ

ከሌሊቱ 11፡30፣ ሊሙ ገነት

ልጄን ማህሌትን ከነብርድ ልብሷ ተሸክሜ ወጣሁ። አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ስትነሳ ጉልበቷ አይታጠፍላትም፤ ግድግዳ ይዛ እንደ አሮጊት ትሄዳለች። ረፋድ ላይ ግን ትሮጣለች። ጣጣው ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ጅማ ሐኪም ዘንድ ወስጃት፣ ሁለቱንም ጊዜ ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ጠብቀን የደረስነው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስትሯሯጥ አይተው "ጤነኛ ናት፤ እያደገች ስለሆነ ነው" ብለው መለሱን። አባቷ "ሞልቃቃ" ይላታል። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንዳንድ ጠዋት እንደሱ አስባለሁ።

ዛሬ ግን ቆርጫለሁ፤ እግሯ እንደታሰረ ሐኪሙ ፊት አቆማታለሁ። ሁልጊዜ ጉልበቷን የማሞቅበትን የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ሆን ብዬ ቤት ትቼዋለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ ከማል ማር ጭነው ወደ ጅማ ሄርማታ ገበያ ስለሚሄዱ በፒክአፓቸው ወሰዱን።

"አከም ቡልቴ፣ ኢንተላኮ?" ብለው እንዴት እንዳደረች በኦሮምኛ ጠየቋት። እሷ ፊቷን ብርድ ልብሷ ውስጥ ቀበረች።

ጠዋት 12፡30፣ የቡናው ጫካ

ጭጋግ። ዛፎቹ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ መልሰው ይጠፋሉ። ሰሞኑን ዘንቦ ስለነበር ቡናው አብቧል፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ፣ ሽታው በመስኮቱ ገብቶ ያፈዛል። መንገዱ ያለም የሌለም ይመስላል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁላችንም እዚህ ነጩ ውስጥ ብንቀር ብዬ ተመኘሁ፤ ሐኪም በሌለበት፣ ጠዋት በሌለበት።

"እማ፣ ሙቅ ውሃዬስ?"

"ረሳሁት፣ የኔ ቆንጆ።"

ዋሸኋት። እሷም ጉልበቷን በሁለት እጇ አቀፈች።

1 ሰዓት፣ መንገድ ዳር ሻይ ቤት

ጋሽ ከማል ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዙ። ባለ ሻይ ቤቷ ማህሌት መኪናው ውስጥ ስታቃስት ሰምታ በላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች። አልቀበልም አልኩ። ጋሽ ከማል ተቆጡ።

"ማል ታቴ፣ ምን ሆነሻል አንቺ? ልጅቷን እያመማት!"

ምክንያቴን ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ወላሂ አልገባኝም። ኪስሽ ውስጥ ያለው ስልክ ቪዲዮ አያነሳም እንዴ?"

ክው አልኩ። ሰርግ ክርስትናውን ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ይሄ እንዴት አልመጣልኝም? ማህሌት ከመኪናው ስትወርድ ቀረጽኳት። ወዲያው ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት፤ ቦምቦሊኖዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ይቅርታ የኔ እናት አልኳት፤ አልሰማችም።

ረፋድ 3፡30፣ ጅማ

እንደፈራሁት ማህሌት ኮሪደሩን በሩጫ ሞላችው። ተራችን ሲደርስ ለወጣቱ ሐኪም ስልኬን ሰጠሁት። ቪዲዮው ላይ ማህሌት መኪናው በር ላይ ሆና ሁለት እጆቿን ወደ እኔ ትዘረጋለች። የራሴ ድምፅ ይሰማል፦ "አይ፣ ራስሽ ውረጂ።" እግሯ መሬት ሲነካ ትጮሃለች፤ ከዚያ በሩን ይዛ ሁለት እርምጃ ትራመዳለች። ስቀርጽ ስልኩን እንጂ ፊቷን አላየሁም ነበር። አሁን አየሁት።

ሐኪሙ ሁለቱንም ጉልበቶቿን በመዳፉ ይዞ ሙቀታቸውን አነጻጸረ።

"ግራው ይሞቃል፤ አበጥ ብሏልም። ልጆችንም የሚይዝ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለ፤ እሱ ይመስለኛል። ደሟን እናያለን። ዓይኗንም ማስመርመር ያስፈልጋል፤ በሽታው አንዳንዴ ሳያሳምም ይጎዳዋል። አይዞሽ፣ ሕክምና አለው።"

ልጄ ታማለች ስባል ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ማህሌት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሐኪሙን ትክ ብላ ታየዋለች።

"አመንከኝ?" አለችው።

"አምኜሻለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺስ፣ እማ?"