ሳፋ ውስጥ አልቆምም

እኔን ያየ ሰው ሳፋ ውስጥ ቁም አይለኝም። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ታክሲ ውስጥ የሚገባ፣ ረዳቱ "እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉለት" ብሎ የሚለምንልኝ ሰውዬ ነኝ። አከራዮቼ ግን አሉኝ።

ቤቱ ቀራንዮ ነው፤ ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ፣ ሻወሯ ለብቻዋ። አከራዮቼ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም አስተማሪ ነበሩ። እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቆስጣና ጎመን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሲሚንቶ ሲያለብስ ጋሼ "መሬቱ ይተንፍስ" ብለው እምቢ አሉ። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማዬን አስቀርቶብኝ በካልሲ ስገባ፣ "ጋሼ፣ እኔስ ልተንፍስ እንጂ!" አልኳቸው።

"አንተማ ስትተነፍስ ከበር ይሰማል" አሉኝ።

ጭቃውን ቻልኩት። እትዬ ፌስታሌን በር ላይ ተቀብለው ዘንቢል ሲያስይዙኝም ቻልኩ። የሙዝ ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ መቅበሩን እንኳን ለመድኩት፤ ስመለስ "ቀብር ደርሼ መጣሁ" እላለሁ።

ከዚያ ሳፋው መጣ። እትዬ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ አቅፈው በሬ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ ገላህን ስትታጠብ እዚህ ውስጥ ቁም። ውሃውን ደጅህ ላይ ላለው ቆስጣ ትደፋለታለህ።"

"እትዬ፣ እኔ ከገባሁበት ውሃው የት ሊገባ ነው?"

"ይሞከራል።"

ቀን አለቃዬ ይጮህብኛል፣ ማታ ታክሲ ተራ ሰው ይጋፋኛል። ጌታ የምሆነው ሻወር ውስጥ ብቻ ነው። እዚያም እንደ ሕፃን ሳፋ ውስጥ ልቁም? ሳፋውን አልጋ ሥር ወሸቅኩና እንደ ልቤ ታጠብኩ።

አስተማሪ ግን አይታለልም። ከእኔ በፊት የነበረችው ተከራይ በገላዋ እጣቢ ያሳደገችው ቆስጣ እኔ ደጅ ላይ ጠወለገ። ጋሼ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው ጠሩኝ።

"ምን እያጠጣኸው ነው?"

"ተስፋ፣ ጋሼ።"

አልሳቁም። "ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለቆስጣ የሚበቃ ውሃ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ዝም ብዬ አላይም። ውሃው ቆስጣው ጋ ካልደረሰ፣ በወሩ መጨረሻ ሌላ ቤት ፈልግ።"

ሌላ ቤት! ከሳንሱሲ እስከ ኮልፌ ደላላ ተከትዬ ስዞር የከረምኩበት ጊዜ ታወሰኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ቤቷን እወዳታለሁ። ጠዋት ፀሐይ ትገባለች፣ ማን መጣብህ ማን ሄደብህ የሚለኝ የለም። መልቀቅ አልፈልግም። ሳፋ ውስጥም አልቆምም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጄሪካን ሙሉ ውሃ ፀሐይ አስመትቼ፣ ቁምጣዬን ታጥቄ፣ ጆግ ይዤ ወጣሁ። የጠወለገው ቆስጣ መሐል ቆምኩና አናቴ ላይ ቸለስኩት። ጎረቤት ፎቅ የሚሠሩት ግንበኞች ሥራ አቆሙ።

"ኧረ ጉማሬ ግቢ ገብቷል!" አለ አንዱ።

"ትኬት ቁረጡ!" አልኩት፤ ትከሻዬን እያሸሁ።

ጩኸቱን ሰምተው እትዬ ወጡ። ደረቴን ነፋሁ፤ እርግጥ የተነፋው ሆዴ ነው።

"እትዬ! ውሃው ይኸው፣ አንድ ጠብታ ቱቦ አልገባም! ሳፋ ውስጥ ግን አልቆምም። ከዚህ ቤትም አልወጣም!"

እትዬ እኔን አላዩኝም። መሬቱን ነው ያዩት። ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣

"ወደ ግራ ዞር በል፤ የዚያኛው ጥግ አልደረሰውም" አሉኝ።

እኔ ለጦርነት ነበር የወጣሁት። ዞርኩ።

ጋሼ በመስኮት ብቅ አሉ። "ውሃው ከደረሰ ሰውዬው ይቀመጥ። ቁምጣው ግን ረዘም ይበል፤ ገና ምሳ አልበላሁም።"

ወሩ አለቀ፤ እኔ አለሁ። ሳፋውን ለእትዬ መለስኩላቸው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨዋል፤ ግን እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ቀና ብዬ ነው የምታጠበው። ቆስጣው እንደ እኔ ወፍሯል። ጎረቤት ያለው ፎቅ ሊያልቅ ነው አሉ፤ በረንዳው በቀጥታ ወደ እኔ ቆስጣ ያያል። የሚገባው ሰውዬ ካልተመቸው መጋረጃ ይግዛ።