የአርባ አንድ ቁጥር ጃኬት

ከአውሮፕላን መጠገኛው ሃንጋር ጥግ ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ አንድ መርማሪ ነበር። አውሮፕላን ውኃ ላይ ቢያርፍ መንገደኛው የሚለብሰውን ጃኬት፣ የሚሳፈርበትን ጀልባ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር የሚነፋውን ፊሽካ ሳይቀር የሚመረምረው እሱ ነው። በእጁ ያለፈው ጃኬት አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ያለብሳል። አንዱም ግን ለቁም ነገር ተለብሶ አያውቅም። በሌላ ሙያ ቢሆን ይህን ያህል ዘመን የማይፈለግ ነገር የሠራ ሰው ይታዘንለት ነበር። እሱ ግን "ሳይቃጠል በቅጠል ነው የኛ ሥራ" ይላል፤ ሲለውም አይስቅም።

ባልደረቦቹ አቶ ግራም ይሉታል። በእያንዳንዱ ጃኬት ውስጥ ጋዝ የታመቀባት ትንሽ ሲሊንደር አለች፤ ገመዱ ሲሳብ ጃኬቱን የምትነፋው እሷ ናት። ስትሞላ ስንት ግራም መመዘን እንዳለባት አንገቷ ላይ ተቀርጿል። ሚዛን ላይ ተቀምጣ ከተቀረጸው በታች ከሆነች ጋዟ ሾልኳል ማለት ነውና ትጣላለች። ካልጎደለች ሁለቱን ቁጥሮች ካርድ ላይ ይጽፍና "ደህና" የምትል ቃል ጨምሮ ማህተሙን ያሳርፍበታል። ከፊት ለፊቱ የጀልባውን ሸራ እየሰፋች የምትጠግን ሰፊ ትቀመጣለች። ካርዶቹን ወደ መዝገብ የምትገለብጠውም፣ እሱ በቀን ስድሳ ፊሽካ እየነፋ ሲሞክር ሃያ ዓመት ራሷን ይዛ የቻለችውም እሷ ናት።

ዓይኑ መድከም የጀመረው በዚህ ዓመት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ ቀልድ ይመስል ነበር። ሲሊንደሯን ከፊቱ እያራቀ፣ እያራቀ፣ ክንዱ ሲያልቅበት "እጅ አጠረኝ እኮ!" አለ። ሰፊዋ ቸገረኝ ያለ መስሏት ቦርሳዋን ከፈተች። "እሱን አይደለም፣ ይሄኛውን ነው" ብሎ ክንዱን አሳያት። ሁለቱም ሳቁና ነገሩ ተረሳ።

እቤቱ ደግሞ በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት "እንደምን አመሸህ" ብሎ አለፈው። ካፖርቱ የራሱ ነው። ሚስቱ "ሰውዬ፣ ምናለ ዓይንህን ብትታየው?" ብትለው፣ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጥርት አድርጌ ነው የማየው!" ብሎ ማለ። ስለ ዓይን እየዋሹ በዚያው በዓይን መማል ድፍረት ይጠይቃል።

እውነቱን ለመናገር ፈርቶ ነበር። ቀድሞ አብሮት የነበረው መርማሪ የዓይን ፈተና ወድቆ፣ ማህተሙን ተቀብለውት መጋዘን ገብቶ ብርድ ልብስ ይቆጥራል። አቶ ግራም ያንን ሰው ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ማህተሙ ከተወሰደ የሚተርፈው ሰው ማን እንደሆነ አያውቀውም፤ ለማወቅም አልፈለገም።

ፈተናው በየዓመቱ ይሰጣል፤ ፊደል የሚነበብበት ሰሌዳ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያው አንድ ሰሌዳ ነው። የታችኛዋን መስመር ከልጆቹ የልደት ቀን የበለጠ ያውቃታል። ዘንድሮም ሐኪሙ ጣቱን ሳያሳርፍ እሱ አንብቦ ጨረሰ። "የንስር ዓይን!" አለ ሐኪሙ፣ ፈርሞ። ንስሩ ሲወጣ ደረጃ ስቶ ጉልበቱን ተላጠ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ ሰፊዋ ካርድ ስትገለብጥ ቀና አለች።

"አቶ ግራም፣ የአርባ አንድ ቁጥር ጃኬት ሲሊንደር አምና የተቀረጸባት መቶ ሰማንያ ስምንት ነው ብለሃል። ዘንድሮ መቶ ሰማንያ ሦስት ትላለህ። ብረት ይከሳል እንዴ?"

"ሚዛኑስ ስንት ይላል?"

"መቶ ሰማንያ አምስት። ሌሎቹን ሁሉ ከአምናው ጋር አስተያይቻለሁ፤ የሚለየው ይሄ ብቻ ነው።"

ሚዛኑ ቁጥሩን በትልቁ ያበራል፤ ስህተቱ እዚያ አይደለም። ሦስት ከሆነ ሲሊንደሯ ሞልታ ተርፏታል። ስምንት ከሆነ ግን ሦስት ግራም ሾልኳል፤ ጃኬቱም በዚያው ጠዋት አውሮፕላን ላይ ተጭኗል። በመስኮቱ ሲያይ ሰዎች ደረጃውን ይወጣሉ። ሰዎች መሆናቸውን የገመተው ከእንቅስቃሴያቸው ነው።

ወደ አለቃው ቢሮ ሄዶ ነገረው። አለቃው ሰዓቱን አየ።

"የተሳሳትከው አምና ይሆናል። እንደዚያ ብለህ ጻፍና ይዘጋ።"

የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተለት፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረው። አቶ ግራም ግን አልገባም።

"አምና ዓይኔ ደህና ነበር" አለ።

"ዘንድሮስ? ሐኪሙ የንስር ዓይን ብሎህ የለም እንዴ?"

"ሰሌዳውን በቃሌ ነው የማውቀው፣ አለቃ።"

አለቃው ስልኩን አንስቶ አውሮፕላኑን አስቆመ።

የትኛው ጃኬት በየትኛው ወንበር ሥር እንዳለ አይመዘገብም። ስለዚህ ሰፊዋ ከፊት፣ እሱ መተኪያውን በብብቱ ይዞ ከኋላ ጀመሩ። እየተንበረከከ፣ "ይቅርታ፣ እግርዎን" እያለ፣ ጃኬቶቹ የታሸጉባቸውን ከረጢቶች እያወጣ ቁጥራቸውን ለማንበብ ወደ ብርሃን አራቀ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩት።

"ምን ጠፋህ ልጄ?"

"አንድ ቁጥር ጠፋኝ፣ እማማ።"

"አምጣው እስቲ።" ያለ መነጽር፣ ሳይጨነቁ አነበቡለት። "አርባ አንድ።"

አቶ ግራም ከተንበረከከበት አልተነሳም።

"የኔ ነበር ይሄ?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ደህና ነው?"

ሃያ ስድስት ዓመት የጻፋት ቃል ናት፤ አፉ ላይ ሳትጠራ ደረሰች። መልሶ ዋጣት።

"አይደለም" አለ።

"እንግዲያው ሌላ ስጠኛ፤ ምን ቁጭ አደረገህ?"

ሰጣቸው። አውሮፕላኑ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። ወርክሾፕ ውስጥ ሰፊዋ ከረጢቱን ፈትታ፣ ሲሊንደሯን አውጥታ፣ አንገቷን አነበበች። መቶ ሰማንያ ስምንት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር ያለችው፤ እሱ ግን ሰምቷል፤ ጆሮው ምንም አልሆነም።

የተበላሸ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠል ቀይ ካርድ አለ። አቶ ግራም አንዱን ለሲሊንደሯ ሞላ። ከዚያ ሌላ መዘዘና ሰፊው መስመር ላይ በትልልቁ ጻፈ። የዕቃው ስም፦ ዓይን። ብዛት፦ ሁለት። ጉድለት፦ ስምንትን ሦስት ይላል። ወስዶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ማህተሙንም አጠገቡ አስቀመጠ።

አለቃው ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

"ማህተም የለውም" አለ በመጨረሻ። "ማህተም የሌለው ካርድ አልቀበልም።"

እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። አቶ ግራም ማህተሙን አነሳ፣ ቀለም አስነካ፣ ቦታውን በጣቱ ዳብሶ አገኘና አሳረፈበት። ከዚያ ማህተሙን ጠርጎ አስረከበ።