አንዴ ከጮኸ ገብቻለሁ

ቅዳሜ ነበር። ታላቅ እህቴ ዱባይ ከሄደች አራተኛ ቀኗ ነው። ካዛንቺስ ለነበራት ትንሽ የልብስ ሱቅ ዕቃ ልታመጣ ብቻዋን ስትሄድ ያ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር።

አስም ስላለባት ትጠነቀቃለች። የፓስፖርቷን ኮፒ እኔ ጋ ትተዋለች። የሆቴሉን ካርድ ከቦርሳዋ አታወጣም። ሳይመሽ ክፍሏ ትገባለች፤ ስትገባ ደግሞ ሚስ ኮል ታደርግልኛለች።

«ስማ፣ አንዴ ጮኾ ከተቋረጠ ገብቻለሁ ማለት ነው። ሁለቴ ከጮኸ ግን ቶሎ ደውልልኝ» አለችኝ ስትሄድ።

«እሺ በቃ! ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።»

«ሕፃንማ ብትሆን ትሰማኝ ነበር።»

እናቴ ይህን ነገር ለሰፈሩ ሁሉ አውርታዋለች። «ልጄ አንዴ ካስጮኸች ገብታለች» ትላለች።

ያን ቅዳሜ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ካፌ ከጓደኛዬ ጋር ኳስ እያየሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ ተቋረጠ። ኪሴ ሳልከተው ደግሞ ጮኸ፤ ተቋረጠ።

«ማናት ደግሞ? ደብቀኸናል ማለት ነው!» አለኝ ጓደኛዬ።

«እህቴ ናት ባክህ። ገብታለች።»

ሁለቴ መጮኹን አውቄያለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ። ማለቴ፣ ለራሴ እንደዚያ አልኩት። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ካለቀ በኋላ ደግሞ... ረሳሁት።

ቤት ስገባ እናቴ «ደወለች?» አለችኝ።

«አዎ፣ ገብታለች።»

«ተመስገን» ብላ እራት አቀረበችልኝ። በላሁ።

እሁድ ጠዋት ስነሳ ትዝ አለኝ። ደወልኩ። ያነሳው ወንድ ነው፤ የሆቴሉ ሠራተኛ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ስለሆነ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። እህቴ ክፍሏ ውስጥ ሞታ ተገኝታለች። ትንፋሽ አጥሯት፣ ብቻዋን።

እናቴ ቂርቆስ ለቅዳሴ ሄዳለች። መርዶ ደግሞ ልጅ ለእናቱ አይነግርም። የእድራችን ዳኛ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ሽማግሌው ወጡ። ነገርኳቸው። በሩን ተደገፉ።

«ትናንት ደውላ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አንዴ?»

መሬት መሬቱን አየሁ።

«አንዴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው በሰላም ገብታ ነበር። እናትህ ይቺን እንኳ ትስማ» አሉና ጋቢያቸውን ሊያመጡ ገቡ።

እኔም ደጅ ቆሜ ጠበቅኳቸው።