«ተነስ» ያልኩት ቀን

ልጄ የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ነው፤ ሁለት ጊዜ በዝረራ ተሸነፈ። ሁለተኛው እዚሁ አምቦ ነበር፤ እኔም እያየሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ ባዳ እንኳ «እኔን!» ይላል። እኔ ግን ልጄ ሲዘረር «ካኢ! ተነስ!» ብዬ በኦሮምኛም ባማርኛም ጮህኩበት። ሰማኝና ተነሳ፤ ክፉውን ቡጢ የቀመሰው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ሌላ ምት አይችልም ብሏል። ትናንት «አባባ፣ አገግሜያለሁ፤ ልምምድ ልጀምር ነው» አለኝ።

«አርፈህ ተቀመጥ!» አልኩት።

«ተነስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ተሳሳትኩ ብዬ አላውቅም፤ ትናንት ግን አልኩት። አልሰማኝም። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የመሮጫ ጫማውን እንዳስርለት እግሩን ዘረጋልኝ። አላሰርኩለትም። ክሩ እንደተፈታ ወጣ።