ጋሽ ዝምታ እና ሁለተኛው ወንበር

ሰው ጸጉር ቤት የሚሄደው ጭንቅላቱን ሊያቀልል ነው። ግማሹን መቀሱ ያቀልለታል፣ ግማሹን ወሬው። ጋሽ ዝምታ መቀሱን ተክኖበታል፤ ወሬው ላይ ግን የለበትም። ስሙንም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። እጁ ወርቅ ነው፣ በጆሮ ዙሪያ ሲዞር ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ችግሩ ሌላም ነገር አለመሰማቱ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አስቀየምንዎት?» ይሉታል። ማንም አላስቀየመውም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ጥግ ላይ ተቀምጣ ፎጣ እያጠፈች የእሱንም ድርሻ ታወራለት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው ቶንዶሱና ሬዲዮው ብቻ ሆነ፤ ሬዲዮ ደግሞ ደንበኛው ቤቱም አለው።

ሕንፃው ሊታደስ ነው ተብሎ ሱቁ ሲዘጋ ልጁ አንድ ሐሳብ አመጣች።

«አባዬ፣ እቤት ተቀምጠህ ግድግዳ ከምታይ አገር አትዞርም?»

«ሄጄ ምን ልሠራ?»

«ምንም! ሰው እኮ ምንም ላለመሥራት ነው የሚሄደው።»

የውጭ አገሩን ከተማ የመረጠችው እሷ ናት፣ ባሕር አለው ብላ። እሱ እንቢ ለማለት ምክንያት መደርደር ነበረበት፤ ያ ደግሞ ብዙ ወሬ ስለሚጠይቅ እሺ አለ።

የተከራየው ክፍል ከላውንደሪ ቤት በላይ ነበር። ወለሉ ከታች በሚሠሩት ማሽኖች ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ትራሱ ሳይቀር ሳሙና ይሸታል። የላውንደሪዋ ባለቤት ድሮ ሌላ አገር ስትሠራ ከእሱ አገር ሴቶች ጋር አንድ ቤት ኖራለች። ቋንቋውን የለመደችው ከእነሱ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ትላለች። «አንቺ፣ ቁርስ በላሽ?» ስትለው መጀመሪያ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። በኋላ ለመደው።

መጀመሪያ ሰሞን እግሩ እስኪዝል ዞረ። ባሕሩን አየው፣ ባሕሩም ያው ውኃ ነው። ከዚያ ጸጉሩ ስላደገ ከመንገዱ ጫፍ ያለው ጸጉር ቤት ገባ። ሁለት ወንበር አለ፤ አንደኛው ላይ አንሶላ ተጥሎበታል። ባለቤቱ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ሽማግሌ ነው። ጨርቁን አንገቱ ላይ ገና ሳያስርለት ጋሽ ዝምታ አገጩን በልኩ ዝቅ አደረገ። መቀሱ ወደ ግራ ሲመጣ ሳይነገረው ጆሮውን አጥፎ ያዘ። ባለመነጽሩ ሥራውን አቆመ። የእንግዳውን ቀኝ እጅ አንሥቶ አየና መቀስ ያደነደነውን አውራ ጣት አገኘ። የራሱን አውራ ጣት አመጣና አጠገቡ አስጠጋው። ሁለቱም ከአንጀታቸው ሳቁ።

በማግስቱ ሄዶ ተቀመጠ። በሌላው ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ ከበደውና መጥረጊያ አነሣ። ሰንበት ሲል ባለመነጽሩ ከሁለተኛው ወንበር ላይ አንሶላውን ገፈፈና መቀስ አስጨበጠው። ወንበሩ የባለመነጽሩ ሟች ወንድም እንደነበር ላውንደሪዋ ነገረችው። የሰፈሩም ሰው ሳያጉረመርም መጥቶ ተቀመጠበት። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ ይመጣና ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ መስኮቱ ላይ ትቶለት ይሄዳል። ጡረተኛዋ አስተማሪ ውሻዋን አስይዛው ገበያ ትሄዳለች። ደንበኞቹ ስለ ምራታቸው ይሁን ስለ መንግሥታቸው ባያውቅም ላንቃቸው እስኪላቀቅ ያወሩለታል፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። አገሩ ላይ ዝምታው ኩራት ነበር፣ ኩርፊያ ነበር። እዚህ ግን ቋንቋ አለማወቅ ነው፤ በዚህ ማን ይቀየመዋል? እንዲያውም የሚያዳምጥ ሰው ተገኘ ተብሎ ተራ ይጠበቅለት ጀመር። ደስ አለው። ደስ ካለው ብዙ ጊዜ ስለሆነው፣ ነገሩ ደስታ መሆኑን ለይቶ እስኪያውቀው ትንሽ ቆየ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለመነጽሩ ላውንደሪዋን ይዟት መጣ። እጇን በጉርዷ እየጠረገች መሃል ቆመች።

«እሱ እንዲህ ይላል። አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ። እዚህ ኑሪ። ይሄ ወንበር ያንቺ ነው፣ ሥሪ። አትሂጂ ይላል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «እኔም አትሂጂ እላለሁ።»

ጋሽ ዝምታ አንገቱን ደፋ። ባለመነጽሩ አላጣደፈውም፣ እስከሚሄድበት ቀን አስብበት አለው።

ማታ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ሕንፃው አለቀ! ሱቅህ ቀለም ተቀብቶ ሙሽራ መስሏል። ደንበኞችህ መቼ ነው የሚመጡት እያሉ ጆሮዬን በሉት።»

«እህ።»

«ደግሞ ስማኝ፣ ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ ፎጣውን እኔ አጥፍልሃለሁ። ወሬውንም ለኔ ተወው። እንደ እማዬ ባልሆንም እሞክራለሁ።»

«እሺ» አለ። ስለ ወንበሩ አልነገራትም፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቆየ። እዚህ ቢቀር ዝም ማለቱን ማንም ጥፋት አይለውም። ቢቀር ደግሞ ልጁ ያንን ሁሉ ፎጣ የምታጥፈው ለማን ነው? ሁለቱም እውነት ስለነበሩ አንዱ ሌላውን አላሸነፈለትም።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወረደ። ጸጉር ቤቱ ሲደርስ ሁለተኛው ወንበር ተወልውሏል፣ መቀሱ ተስሏል፣ አዲስ ሽርጥ ተሰቅሏል። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ሽርጡን ቢያነሣ እሺ ማለቱ ነበር። ሻንጣውን ከግድግዳው አስጠጋና ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሠራተኛ ከወንበር ኋላ ነው የሚቆመው፤ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። ይህን ለባለመነጽሩ ማስተርጎም አላስፈለገም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ሽርጡን ከመስቀያው አውርዶ አጠፈና ጨርቁን ዘረጋ።

ጺም ሊላጭ ነው። አረፋውን ቀባው፣ ምላጩን አነሣ። ጋሽ ዝምታ ማመስገን ፈለገ፤ አንዲት ቃል ብሎ ሊያበቃ ነበር አፉን የከፈተው። ግን ከኋላዋ ሌላ ተከተላት፣ ከዚያ ሌላ። በገዛ ቋንቋው ተናገረ። ስለ ዳቦው ተናገረ፣ ስለ ውሻዋ፣ ስለ ሞቃቱ ወለል። ከዚያ ሳያስበው ሚስቱ ጋ ደረሰ። በሕመሟ ጊዜ ጸጉሯ መርገፍ ሲጀምር በገዛ እጁ እንደላጫት ተናገረ። ያን ቀን እሷም፣ ያቺ ወሬኛ፣ አንድ ቃል እንዳልወጣት፤ ሲጨርስ ግን እጁን ይዛ እንደሳመችው። ይህን ለልጁም ነግሯት አያውቅም።

ባለመነጽሩ ከሚባለው አንዱም አልገባውም። ደንበኛ ሲያወራ ምላጭ ከጉሮሮ ይነሣል፤ ስለዚህ ምላጩን ያነሣል፣ «እህ» ይላል፣ ዝም ሲል ትንሽ ይላጫል፣ እንደገና ያነሣል። የተቀመጡት ሰዎችም ተራችን አላሉም።

ላውንደሪዋ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንቺ፣ መኪና መጥቷል!»

ባለመነጽሩ ወደ እሷ ሳይዞር ቆይ በሚል እጁን አሳያት። መዳፉን በጋሽ ዝምታ ጉንጭ ላይ አሳለፈ። አንድም የቀረ ጺም አልነበረም። ብሩሹን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረና አረፋውን እንደ አዲስ ቀባው፤ ከቀኝ ጆሮው ሥር ጀመረ።

ጋሽ ዝምታም ካቆመበት ቀጠለ።