እህቴ ለነርሷ የመለሰችላት መልስ

ባለፈው ክረምት ሳንባ ምች ይዞኝ ሐኪም ቤት ተኛሁ። በእግሬ ነው የገባሁት፤ ካርዱንም ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ያስታመመችኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። ሌላ ሰው ቢኖረኝ እሷን አልመርጥም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አእምሮዬ ተለየኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ከጎኔ እናቷን ታስታምም የነበረች፣ ከሰንበቴ ከተማ የመጣች ሴት ናት። ጣሪያው ላይ ከብት ይሄዳል ብያለሁ አሉ። ነርሷ ድሮ ጨፋ ስኖር የነበረችው ጎረቤቴ መስላኝ፣ ማሽላው እስካሁን ለምን እንዳልታጨደ ጠይቄያታለሁ። ኦሮምኛና አማርኛ ደባልቄያለሁ፤ እሱን እንኳ በደህናዬም አደርገዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ቅዠት መካከል ግን አንድ እውነት ወጣ። እህቴን በጣቴ እያሳየሁ፣ «እናታችን ስትሞት አንቺ ገበያ ነበርሽ። ብቻዋን ነው የሞተችው» አልኩ።

እህቴ እናታችን እቅፏ ውስጥ ሸሃዳ ብላ እንዳለፈች ለሰው ስትናገር ዓመታት አልፈዋል። የዚያን ቀን ቀድሜያት ደርሼ የእናታችንን ዓይን የከደንኩት እኔ ነኝ። እሷ ከከብት ገበያ ስትመለስ ያገኘችው ሬሳ ነው። እህቴ ናት ብዬ ዝም አልኩ።

ነርሷ ወጣት ናት። እህቴን ጠየቀቻት፤ «እናት እንዲህ መሆን የጀመሩት መቼ ነው?»

«ድሮም እንዲህ ናት። ካረጀች ወዲህ የምትለውን አታውቅም።»

ለእነሱ ትልቁ ጥያቄ ይኸው መሆኑን ነርሷ በኋላ ነግራኛለች። በድንገት የመጣ መቃዠት ከበስተጀርባው ሌላ ነገር አለው፤ ይፈለጋል። ዓመታት የቆየ ከሆነ ግን እርጅና ነው ይባላል። እኔም እርጅና ተባልኩ። ስጮህ ማስተኛ መርፌ ወጉኝ፤ እጄንም በፋሻ ከአልጋው ጋር አሰሩት።

በማግስቱ እህቴ ምሳ ልትገዛ ስትወጣ የሰንበቴዋ ሴት ነርሷን ጠራቻት።

«ሲስተር፣ ይቺ ሴትዮ ድሮም እንዲህ ናት ያለሽ ማነው?»

«እህታቸው።»

«ወላሂ ዋሽታሻለች። ከትናንት ወዲያ ሻይ ላይ ስኳር አበዛሽ ብላ ስትቆጣኝ ነበር። የጃጀ ሰው የሰው ስኳር ይቆጥራል?»

ነርሷ ወደ እኔ መጣች። ከጁምዓ ጀምሬ ቀኖቹን ወደ ኋላ እንድቆጥር ጠየቀችኝ፤ አልቻልኩም። ሆዴን ስትጫነው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሽንቴን ከሸናሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እስከዚያ ድረስ የጠየቀ አልነበረም። ካቃዡኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነበርና በቱቦ አወጡልኝ፣ መርፌውን አስቆመች፣ እጄን ፈታችው። መነጽሬ የት እንዳለ ጠየቀች፤ እህቴ ከቦርሳዋ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ነርሷ በመጣች ቁጥር፣ «እናት፣ ሐኪም ቤት ነዎት። ዛሬ ረቡዕ ነው» እያለች የዕለቱን ቀን ትነግረኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቀኖቹን ሁሉ ወደ ኋላ ቆጠርኩላት።

ልወጣ ስል እህቴን ጠየቅኋት።

«ለምን ድሮም እንዲህ ናት አልሽ?»

ሻርፔን እያጠፈች ነበር። «ያልሽውን ሰው ሰምቶ ነበራ።»

«እውነት ነዋ።»

«ይሁን እሺ» አለች፣ ቀና ሳትል። «አሁን ማን ያምንሻል፣ እቴ?»

አልተሳሳተችም። ከሚሴ ቤቴ ልጠይቅሽ ብሎ ለሚመጣው ሁሉ የእናቴን ነገር ሳነሳ፣ ሐኪም ቤት መቃዠቴን ሰምተዋልና እርስ በርስ ይተያያሉ። «አሏህ ጨርሶ ያሽርሽ» ይሉኛል። ደህና መሆኔን እንዲያዩ ብዬ፣ ጁምዓ፣ ሐሙስ፣ ረቡዕ እያልኩ ወደ ኋላ እቆጥርላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ጎረቤቴ ሰኞ ላይ ሳልደርስ ተነስታ ወጣች፤ ከበሩ ላይ ሆና ለእህቴ ስትደውል ሰማኋት። «ተመልሶባታል፣ ቶሎ ነይ» ትላታለች።